ራጁ ደህና፣ ክንዱ ግን አልዞር ሲል፦ የትከሻና የላይኛው ክንድ ራጅ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከፊት የተነሳው ራጅ ላይ ምንም የለም፤ ታካሚው ግን ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር አይችልም።

እንዲህ ሲሆን ክንዱን እመኑ። ያልታየ የኋላ ውልቃት ሊሆን ይችላል። ከ100 የትከሻ ውልቃት 95 ያህሉ ወደ ፊት ነው፤ የክንዱ አጥንት ራስ ከኮራኮይድ (ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ወደ ፊት ከወጣው ጉጥ) ስር ወርዶ ስለሚታይ ማንም አያልፈውም። የኋላው ግን የአጥንቱን ራስ በቀጥታ ወደ ጀርባ ይገፋዋል። ከፊት ለሚያይ ሰው ቦታው ላይ ያለ ይመስላል።

የሚጥል በሽታ ጥሏቸው ወይም ኤሌክትሪክ ይዟቸው የመጡ ሰዎች ላይ በተለይ ጠርጥሩ። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ጠንካራ ስለሆኑ፣ ሁሉም ጡንቻ ባንዴ ሲኮማተር የአጥንቱን ራስ ወደ ኋላ ያወጡታል። ፊልሙ ላይ ራሱ እንደ አምፖል ክብ ሆኖ ይታያል። ክንድ ወደ ውስጥ በዞረ ቁጥርም እንዲሁ ስለሚታይ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መፍትሄው ሁለተኛ አቅጣጫ ነው። በስካፑላ ዋይ (ስካፑላን፣ ማለትም የትከሻውን ጠፍጣፋ አጥንት፣ ከጎን እንደ Y ፊደል በሚያሳየው አነሳስ)፣ የታመመውን ትከሻ ወደ ፊልሙ አስጠግታችሁ ሰውነቱን ከ45 እስከ 60 ዲግሪ አዙሩ። ሦስቱ የስካፑላ ክንፎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የአጥንቱ ራስ መቀመጥ አለበት። ወደ ኮራኮይድ ከሄደ ውልቃቱ የፊት ነው፤ ወደ አክሮሚዮን (ከኋላ መጥቶ የትከሻው አናት ላይ ወደሚያበቃው የስካፑላ ጫፍ) ከሄደ የኋላ። በብብት በኩል የሚነሳው ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው። ክንዱን ማንሳት ካልቻለ ከማንገቻው ሳታወጡ ወደ ኋላ 30 ዲግሪ ያህል አስደግፉትና ጨረሩን ከላይ አውርዱ። በጉልበት ክንድ ማንሳት ፈጽሞ አይገባም።

ወጌሻ ጋ ለመሄድ የሚጣደፍ ቤተሰብ ካለ ቆም ብለው እንዲጠብቁ ንገሯቸው። የአጥንቱ ራስ በሚቀመጥበት የስካፑላ ጽዋ ጠርዝ ላይ ተቆልፎ ከሆነ መጎተቱ የአጥንቱን አንገት ሊሰብረው ይችላል።

የመገጣጠሚያው ክፍተት አይታይም፤ ራሱና ጽዋው ተደራርበዋል።

ስካፑላ የጎድን አጥንት ላይ ያዘመመ ስለሆነ ታካሚው ቀጥ ብሎ ሲቆም መገጣጠሚያው ቀጥ አይልም። ወደ ታመመው ጎን ከ35 እስከ 45 ዲግሪ አዙሩት። ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ተጨማሪ መዞር ይፈልጋል።

ወደ ውጭና ወደ ውስጥ አዙረን ያነሳናቸው ሁለት ፊልሞች አንድ ዓይነት ሆኑ።

ታካሚው መዳፉን እንጂ ክንዱን አላዞረም። ክርኑን ዳስሱ። ወደ ውጭ ሲዞር የክርኑ ሁለት ጉብታዎች ከፊልሙ ጋር ትይዩ ይሆናሉ፤ ላይ የአጥንቱ ራስ አጠገብ ያለው ትልቁ ጉብታም በውጭ በኩል ጥርት ብሎ ይወጣል። ወደ ውስጥ ሲዞር የክርኑ ጉብታዎች ፊልሙ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ስብራት ከተጠረጠረ ግን ክንዱን አታዙሩ። የጎን ፊልሙን በደረት በኩል አንሱ፦ ጤነኛው ክንድ ከራስ በላይ ይነሳል፣ ጨረሩ የሚለቀቅበት ጊዜ ረዘም ይላል፣ ታካሚው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ጎድኑና ሳንባው ይደበዝዙና ክንዱ ጎልቶ ይወጣል።

የክንዱ ፊልም ክርኑ ላይ ተቆርጧል።

ትከሻና ክርን ሁለቱም መግባት አለባቸው። ክንዱ ረጅም ከሆነ ፊልሙ ላይ በሰያፍ አስተኙት፤ ካልሆነም ሁለት ጊዜ አንሱ። ስብራቱ መሃል ላይ ከሆነ ታካሚው የእጁን አንጓ ወደ ላይ ማንሳት ይችል እንደሆነ ጠይቁት። አንጓውን የሚያነሱትን ጡንቻዎች የሚያዘው ራዲያል ነርቭ እዚያ አጥንቱን ታክኮ ያልፋል። አንጓው ከወደቀ ለሐኪሙ ወዲያው ንገሩ።