ካታሎጉ «አልተገኘም» ሲላችሁ

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ ርዕሱን ጻፋችሁ። ውጤቱ ዜሮ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ተነስቶ ይሄዳል፤ ፕሮፖዛሉ ላይም «በዚህ ርዕስ የተሠራ ጥናት የለም» ብሎ ያሰፍራል። ቆይ፣ አትቸኩል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ፊደሉ ነው።

በአማርኛ ስትፈልጉ ምንም አይመጣም

ኮምፒውተር ጆሮ የለውም። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ ሐ እና ሀ ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለእሱ ግን እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። «ሥነ ጽሑፍ»ን ውሰዱ። ሥ ወይም ስ፣ ጽ ወይም ፅ፣ ሑ ወይም ሁ፤ ሲባዛ 8 አጻጻፍ ይወጣዋል። ሁለቱን ቃላት ያጋጠመም ካለ 16 ደረሰ። መዝገቡን የሞላው ሰው የትኛውን እንደመረጠ በምን ይታወቃል? እኔ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ፀን በጸ ቀይራ ወዲያው አወጣችው። አፈርኩ።

16ቱንም መሞከር አያስፈልግም። ከርዕሱ ውስጥ መንታ ፊደል የሌለበትን አንድ ቃል ብቻ ምረጡ። «ግጥም» ሁለት ዓይነት አይጻፍም። ካልሆነ በእንግሊዝኛ ሞክሩ፤ ስለ አማርኛ ድርሰቶች የተጻፉ ብዙ ጥናቶች ርዕሳቸው እንግሊዝኛ ነው።

የጸሐፊውን ስም ታውቃላችሁ፣ ሥራው ግን አይገኝም

የውጭ ዳታቤዞች መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዛሉ። የእኛ ደግሞ የአባት ስም ነው። ስለዚህ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ አንዱ ጋ በ«ባሕሩ»፣ ሌላው ጋ በ«ዘውዴ» ሊመዘገቡ ይችላሉ። በሁለቱም ፈልጉ። በላቲን ፊደል ሲሆን ጣጣው ይብሳል፦ «ቀ» የሚለውን ፊደል አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፈዋል፤ የሚጠብቀውን ፊደል አንዱ ይደግመዋል፣ ሌላው ይተወዋል። ብዙ ዳታቤዝ ላይ ኮከብ ምልክት (*) የቃሉን ቀሪ ይተካል። የሚያጠራጥረው ፊደል ጋ ስትደርሱ እሷን አስገቡና ተዉት።

ዓመትም ያሳስታል። የ2010 ዓ.ም. ጥናት በፈረንጆቹ 2017 ወይም 2018 ነው። በዓመት አጣርታችሁ ከሆነ ማጣሪያውን አንሱት።

ጽሑፉ ተገኘ፣ ግን ክፈሉ ይላል

ግቢ ውስጥ ተከፍቶ ቤት ሲሆን የሚዘጋው፣ ዳታቤዙ የሚያውቀው የግቢውን የኢንተርኔት አድራሻ ስለሆነ ነው። ከግቢ ውጭ መግቢያ ካለ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቁ። ሪሰርች ፎር ላይፍንም አትርሱ፤ የምርምር ጽሑፎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚከፍት ፕሮግራም ነው። ከክፍሎቹ ሂናሪ ለጤና፣ አጎራ ለግብርና ነው። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ተርታ ናት። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ ስላልሆነ፣ እሱም ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው። ያም ካልሆነ ጉግል ስኮላር (የጉግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ከውጤቱ ሥር ያሉትን ሌሎች ቅጂዎች ክፈቱ። አንዳንዴ ጸሐፊው ራሱ በነጻ የለቀቀው ይገኛል።

ካታሎጉ «አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ግን የለም

መጀመሪያ ግራና ቀኙን እዩ፤ አንባቢ ያለቦታው መልሶት ይሆናል። ከዚያ ሪዘርቭ ክፍል ጠይቁ። መምህር ለኮርስ ያስያዘው መጽሐፍ እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ ወደ ቤት አይወጣም፣ ተቀምጦ ይነበባል።