ከማይኤስኪውኤል ወደ ፖስትግሬስ ቴብል በኮድ ስትገለብጡ የማይታዩ ስህተቶች

ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለብጠው ስክሪፕት ኤረር ሰጥቶ ከቆመ ደህና ነው፤ ምክንያቱ ይታያል። የሚያስፈራው «ተጠናቋል» ብሎ የተበላሸ ዳታ ጥሎላችሁ የሚወጣው ነው።

ሲኩዌንሱን (ለአዲስ ረድፍ ተከታዩን አይዲ የሚሰጠውን ቆጣሪ) መርሳት። ረድፎችን ከነአይዲያቸው ስታስገቡ የፖስትግሬስ ቆጣሪ አይነቃነቅም። ቴብሉ ውስጥ እስከ 48,210 የደረሰ አይዲ እያለ ቆጣሪው ገና ከ1 ሊጀምር ነው፤ ስለዚህ አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ «ይህ ቁልፍ ተይዟል» ይላል። ያልተሳካ ሙከራም ቁጥር ይበላል። ተጠቃሚው ደጋግሞ ሲጫን 2፣ 3፣ 4 እያለ ሄዶ፣ ድሮ የተሰረዘ ደንበኛ በተወው ክፍት ቁጥር ላይ ሲደርስ ምዝገባው ያልፋል! የቀድሞው ሰው ሂሳብ በፎሪን ኪይ (አንዱን ቴብል ከሌላው በሚያስር ደንብ) ያልታሰረ ሌላ ቴብል ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ዕዳው ለአዲሱ ሰው ተላለፈ ማለት ነው። ኮፒው እንዳለቀ የየቴብሉን ቆጣሪ በሴትቫል (ቆጣሪውን በሚያስተካክለው የፖስትግሬስ ፈንክሽን) ትልቁ አይዲ ላይ አድርሱት።

የኮኔክሽኑን ካራክተር ሴት (ፊደሎች ወደ ባይት የሚለወጡበትን ስርዓት) አለመጻፍ። ማንበቢያው ኮኔክሽን ላቲን 1 (የግዕዝ ፊደል የሌለው ካራክተር ሴት) ከሆነ «አበበ» የነበረው «???» ሆኖ ይደርሳል፤ ከቅጂው ላይ መመለሻ የለውም። ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ እስከ 3 ባይት ብቻ በሚይዘው በአሮጌው የማይኤስኪውኤል ዩቲኤፍ 8ም ይገባል፤ 4 ባይት የሚፈልገው ኢሞጂ ነው።

ለኮፒ ብቻ ፓንዳስን (የፓይተን የዳታ ላይብረሪ) መጠቀም። ባዶ ቦታ ያለበትን የኢንቲጀር ኮለም ወደ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ይለውጠዋል። 251911000000 የነበረው ስልክ፣ መድረሻው የጽሑፍ ኮለም ከሆነ «251911000000.0» ሆኖ ይቀመጣል። ወደ ነባር ቴብል ሲጽፍ «ሪፕሌስ» (ተካ) ካላችሁት ደግሞ ያዘጋጃችሁትን ቴብል ደምስሶ ያለ ፕራይመሪ ኪይ (የረድፍ መለያ ቁልፍ) እና ያለ ነባሮቹ ኢንዴክሶች (የፍለጋ ማፍጠኛዎች) እንደገና ይሠራዋል። ከከርሰሩ (የማይኤስኪውኤልን ውጤት ረድፍ በረድፍ ከሚያመጣው) እያነበባችሁ በቀጥታ በፖስትግሬስ ኮፒ ትእዛዝ ማስገባት ይሻላል፤ ይፈጥናልም።

ሊሚትና ኦፍሴትን (ስንት ረድፍ ይነበብ፣ ስንት ይዘለል የሚሉትን) ያለ ኦርደር ባይ (የመደርደሪያ ትእዛዝ) መጠቀም። የረድፎቹ ቅደም ተከተል ዋስትና ስለሌለው አንዱ ሁለቴ ይመጣል፣ ሌላው ይዘለላል። «አይዲው ካለፈው የሚበልጥ፣ በአይዲ ተደርድሮ፣ 5,000 ረድፍ» እያላችሁ አንብቡ።

የረድፍ ቁጥር ብቻ ማመሳከር። «???» የሆኑ ስሞችም ይቆጠራሉ። የገንዘብ ኮለሞችን ድምር በሁለቱም በኩል አስሉ፣ የጥያቄ ምልክት ያለባቸውን ስሞች ፈልጉ፣ ባዶ የሆኑትን ረድፎች በየኮለሙ ቁጠሩ። ማይኤስኪውኤል ውስጥ «0000-00-00» የተባሉ ቀኖችን ፖስትግሬስ አይቀበልም፤ ባዶ አድርጋችሁ ካሳለፋችኋቸው የባዶዎቹ ቁጥር በዚያው ልክ ይጨምራል።