ነጥቡ ገደል ውስጥ ሲገባ፦ ሰሜን ተራሮች ላይ ጂፒኤስና ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የሚሠራ የካርታ ሥራ) ለምታስተምሩ

ተማሪ ይዛችሁ ከደባርቅ ወደ ላይ ከወጣችሁ የጂፒኤስ መሣሪያው የሆነ ቦታ ማስቸገሩ አይቀርም። ችግሩን እዚያው ተራራው ላይ ፍቱት። ቁጥሩን ላብራቶሪ ገብቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ተማሪው ግን ስህተቱን ከመሬቱ ጋር የሚያመሳክርበት ዕድል አምልጦታል።

ነጥቡ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ሸሽቷል

ሳንቃበር ካምፕ አጠገብ መንገዱ ላይ ቆማችኋል። ንባቡን በድሮው 1፡50,000 ካርታ ላይ ስታሰፍሩት ግን ነጥቡ ወደ ሰሜን ሄዶ ገደሉ ጋ ቁጭ ይላል። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ሌላ ነጥብ ውሰዱ። እሱም በዚያው ልክ፣ በዚያው አቅጣጫ ከሸሸ መሣሪያው ደህና ነው። ካርታው የተሠራው በአዲንዳን ዳተም (ዳተም ማለት የቦታ ቁጥር የሚለካበት መነሻ ነው) ሲሆን ጂፒኤሱ ደግሞ ካልቀየራችሁት በስተቀር የሚሰጣችሁ ደብልዩጂኤስ 84 በተባለው ሌላ ዳተም ነው፤ በዚህ አካባቢ የሁለቱ የዩቲኤም (በሜትር የሚሰጥ የቦታ ቁጥር) ንባብ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ይለያያል። 200 ሜትር በዚያ ካርታ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ናት። ማስመሪያ ስጧቸውና ራሳቸው ይለኳት፣ ዳተም ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ አይረሱትም።

መፍትሄው፦ በወረቀት ካርታ ስትሠሩ ጂፒኤሱን ወደ አዲንዳን ቀይሩት። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ስካን የተደረገውን ካርታ በኢፒኤስጂ (የዳተምና የዩቲኤም መለያ ኮድ) 20137፣ የጂፒኤሱን የዩቲኤም ነጥቦች በ32637 አስገቡና ሶፍትዌሩ ያገናኛቸው። ካርታውን በእጅ ጎትቶ ማስገጠም ይቅርባችሁ፤ እሱ ስህተትን መደበቅ ነው የሚያስተምረው።

ነጥቡ ሲሲሊ ደሴት ላይ ወጣ

ኬክሮስና ኬንትሮስ ተገላብጠዋል። የዚህን አካባቢ 13.2 እና 38.1ን ብታቀያይሩ ጣሊያን፣ ፓሌርሞ ከተማ አጠገብ ትገኛላችሁ። ሶፍትዌሩ ላይ ኤክስ ማለት ኬንትሮስ ነው፣ 38ቱ እዚያ ይግባ።

ቆማችሁ ሳለ ነጥቡ ይዘላል

ገደል ሥር ናችሁ ማለት ነው። ግድግዳው ግማሹን ሰማይ ጋርዶታል፣ የሳተላይቱም ምልክት ከድንጋዩ ነጥሮ ዞሮ ይደርሳል። ከግድግዳው ራቁ፣ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ፈልጉ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ስክሪኑ ስህተቱ "4 ሜትር" ነው ስላለ ብቻ አትመኑት።

ዳገቱ ሁሉ 90 ዲግሪ ሊሞላ ደረሰ

ሶፍትዌሩ ውስጥ ያስገባችሁት የከፍታ መረጃ አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ነው። መጀመሪያ ወደ 32637 ቀይሩት፣ ከዚያ ዳገቱን አስሉ። አሁን ደግሞ ዓይናችሁ እያየው ቀጥ ያለው ገደል ስክሪኑ ላይ ለዘብ ብሎ ይታያል፤ አንዱ ፒክስል 30 ሜትር ስለሆነ ከዚያ የጠበበውን ነገር አያሳይም። ይህንን አፋፉ ላይ ቆማችሁ አሳዩአቸው።

ባትሪው ቶሎ አለቀ፣ ካርታውም ባዶ ነው

ብርዱ ነው። ሌሊት ባትሪውን ከሰውነታችሁ አስጠግታችሁ እደሩ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የጀርባ ካርታውን ግን ደባርቅ ሳላችሁ አውርዱ።

ተማሪው ከስክሪኑ ዓይኑን አይነቅልም

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። አንዱ መሣሪያውን ይይዛል፣ ሌሎቹ በትከሻው ላይ ያጮልቃሉ፣ ተራራውን የሚያየው የለም። መሣሪያውን መጀመሪያ ቦርሳ ውስጥ አስገቡት። በኮምፓስና በወረቀት ካርታ፣ የሚታዩትን ጫፎች እያነጣጠሩ፣ እያንዳንዱ የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርግ። ከዚያ በኋላ ጂፒኤሱ ይውጣ። ልዩነቱን በሜትር ይጻፉት፣ መንስኤውንም ቀጣዩ ማረፊያ ከመድረሳቸው በፊት ተከራክረው ይንገሯችሁ።