እሁድ የተቀቀለ አጥንት እስከ ሐሙስ

ቁሌት ላይ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ሲገለበጥ ሳይ ያንገበግበኛል። ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት ተቁላልቶ፣ በርበሬው በስሎ፣ ቅቤው ገብቶ፣ መጨረሻ ላይ ምንም ጣዕም የሌለው ነገር! እኔ ቤት በፍስክ ቀን እዚያ ቦታ የሚገባው መረቅ ነው።

ብዙ ቤት መረቅ የሚታወሰው ሰው ሲታመም ወይ አራስ ሲኖር ነው። አንዳንዱም ሲጠጣ አምሽቶ ጠዋት ላይ ይፈልገዋል። በኩባያ ተጠጥቶ ያልቃል። ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን ያው አጥንት የሳምንቱን ድስት ሁሉ ያጣፍጥላችኋል።

ከአጥንቱ እንጀምር። ሥጋ ቤት ስትሄዱ ቅልጥም ብቻ አትውሰዱ። መቅኔው ይጣፍጣል፤ ብቻውን ሲሆን ግን መረቁን ስብ በስብ ያደርገዋል። ከጉልበት መገጣጠሚያና ከጎድን ጋር አቀላቅሉት። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጅማትና ለስላሳ አጥንት ነው ቀልጦ መረቁን የሚያወፍረው። ማታ ፍሪጅ ገብቶ ጠዋት እንደ ጄሊ ከረጋ ተሳክቶላችኋል ማለት ነው። እኔ የምገዛበት ሥጋ ቤት ያለው ልጅ “እህቴ፣ ልከትክተው?” ይለኛል። አይከትክተው። ሁለት ሦስት ቦታ ሰበር ያድርገው፣ ይበቃል። ከተከተከተ ስብርባሪው ጥርስ ይፈጃል።

ሁለት ኪሎ አጥንት አለቅልቁና 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱ። ከቀዝቃዛ መጀመሩ ጥቅም አለው፤ ቆሻሻው ቀስ እያለ አረፋ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ከድስቱ አትራቁ፣ አረፋውን በጭልፋ ግፈፉ። ከዚያ ለሁለት የተከፈለ ቀይ ሽንኩርት ከነልጣጩ (ታጥቦ ነው፣ ልጣጩ ቀለም ይሰጣል)፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል፣ አሥር ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ። በቃ።

ጨው የለም። እርድ የለም። የጥብስ ቅጠልም የለም። ይሄን ስል ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፤ “ምኑ ሊጣፍጥ ነው?” ይላሉ። ግን ይሄ መረቅ ነገ ሽሮ ውስጥ ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ሩዝ ውስጥ። ዛሬ እርድ ከገባበት ሁሉም ነገር አልጫ አልጫ ይላል። ጨውማ ይባስ ነው፤ መረቁ እየተነነ ሲሄድ ጨዉ ይቀራል። ጨው የሚገባው ወጡ ውስጥ ነው፣ መጨረሻ ላይ።

አሁን እሳቱን ቀንሱ። ድስቱ መንተክተክ የለበትም፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ቡልቅ ቡልቅ ይበል። ኃይለኛ እሳት ስቡን ከውሃው ጋር ይመታውና መረቁ ይደፈርሳል። አምስት ስድስት ሰዓት ስጡት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቆላ ካለች ዘመድ የተቀበላችሁት ሰዓት እዚህ አይሠራም። ፕሬዠር ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ይገላገላል።

ሲያልቅ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና ቶሎ ይብረድ። ሌሊቱን ምድጃ ላይ የሚያሳድሩት አሉ፤ ይበላሻል፣ አታድርጉት። በግማሽ ግማሽ ሊትር ዕቃ ከፋፍሉ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ የቀረው ፍሪዘር። ስታወጡ መጀመሪያ በደንብ አፍሉት።

ሰኞ ሽሮ ነው። ቁሌቱ ሲደርስ መረቁን ትኩስ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ ከዚያ ሽሮውን በትኑ። ያለ አንድ ቁራጭ ሥጋ ቦዘና ቦዘና የሚል ሽሮ ይወጣል።

ማክሰኞ ቅንጨ። ለአንድ ኩባያ ክክ ስንዴ ሁለት ኩባያ ተኩል መረቅ፣ ከዚያ ንጥር ቅቤ። ልጆች ቅንጨ ካልወደዱ ሩዝ፤ ለአንድ ሁለት፣ ትንሽ ቢበዛም አይጎዳም። መኮሮኒ ስትሠሩ ደግሞ ውሃውን የመድፋት ልማድ ይቅር። መኮሮኒው እስኪሸፈን ብቻ መረቅ አድርጉና እዚያው እያማሰላችሁ እስኪመጠው አብስሉት። ጎረቤቴ በረመዳን የአጃ ሾርባዋን የምትሠራው በዚሁ መረቅ ነው፤ እኔ የለመድኩትም ከእሷ ነው።

ለእኔ ግን መረቅ የተፈጠረው ለፍርፍር ነው። በተለይ ለድርቆሽ። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት ቁልል አድርጉ። ትኩስ መረቅ በጭልፋ ጨምሩና ስልሱ ቀጠን ይበል። ጨዉን እዚህ ላይ ቅመሱ፣ እንጀራው ከገባ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ከዚያ እሳቱን አጥፉ፣ ድርቆሹን ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙና ሁለት ደቂቃ ተዉት። ድርቆሹ ራሱ ይጠጣዋል። አሁንም ደረቅ ከሆነ ሌላ ግማሽ ጭልፋ። ከበዛ ይላቁጣል፣ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ለትኩስ እንጀራ መረቁን በግማሽ ቀንሱት። ቋንጣ ካለ ቁሌቱ ላይ ቀድሞ ይግባ።

የወር መጨረሻ ላይ ጎመንን በመረቅ መቀቀል ከጎመን በሥጋ ብዙም አይርቅም። ዶሮ ወጥ ላይ ግን የበሬ መረቅ አልጨምርም። ዶሮዋ የራሷ አላት፣ አትረብሿት።

ረቡዕና ዓርብስ? ሽምብራ። ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ቀይሩ፣ ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፍሬው እስኪለሰልስ ቀቅሉት። ወፈር ያለው ቢጫ ውሃ የጾም መረቃችሁ ነው፤ ለምስርም ለሽሮም ይሆናል። ጥቅል ጎመን አትጨምሩበት፣ ሽታው ያሸንፋል። ፍሬውን በቃሪያና በሽንኩርት ብሉት።

ፍሪዘር ውስጥ ሁለቱ አይለዩም። ፕላስተር ለጥፉና “ፍስክ”፣ “ጾም” ብላችሁ ጻፉበት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የፍስኩ መረቅ በረዶ ሆኖ ይችለዋል፣ መብራቱ ግን አይታመንም። ስለዚህ ቅበላ ላይ ጨርሱት።

ማጊ የምትጠቀሙ አላችሁ፤ አልከለክልም። ግን አብዛኛው ጨው ነውና የወጡን ጨው እሱ ከገባ በኋላ ቅመሱ። በጾም ቀን ደግሞ ማሸጊያውን አንብቡ፤ የዶሮ ወይ የበሬ ሊሆን ይችላል።

ጠዋት ፍሪጅ ስትከፍቱ መረቁ ላይ የረጋውን ስብ አትጣሉት። በማንኪያ አንሱትና በትንሽ ዕቃ አስቀምጡ። ሐሙስ ለጥብስ ሽንኩርቱን በዘይት ፈንታ በእሱ ቁልል አድርጉት።