የቪአር ታንኳ መቅዘፊያ መንቀጥቀጥ፣ እንዴት እንደተስተካከለ

ባህር ዳር ሆነን ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚያስቀዝፍ የቪአር (መነጽር ተደርጎ የሚታይ ምናባዊ ዓለም) ሲሙሌተር እየሰራን ነው፣ የመቅዘፊያው ዘንግ ላይ ሞተር አለ፣ ስትቀዝፉ የውሃው ግፊት እጃችሁ ላይ እንዲሰማ። ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ፣ መቅዘፊያው ስክሪኑ ላይ ውሃ ሲነካ ዘንጉ ድርርር እያለ ይንቀጠቀጣል፣ መዳፍ ያደነዝዛል። ሞተሩም ፓወር ሰፕላዩም ደህና ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጌሙ ምስሉን በሰከንድ 90 ጊዜ ያድሳል፣ ለአይን ይበቃል ለእጅ ግን አይበቃም፣ ሀይሉ በሰከንድ 1000 ጊዜ አካባቢ ካልታደሰ ሞተሩ እየዘገየ ይገፋና ራሱ መንቀጥቀጥ ይፈጥራል። ስለዚህ የሀይሉን ስሌት ከኮምፒውተሩ አውጥተን ሞተሩ ጋ ያለው ማይክሮኮንትሮለር (ሞተሩን የሚያዝ ትንሽ ቺፕ) ላይ አደረግነው፣ ኮምፒውተሩ አሁን የሚልከው የታንኳዋን ፍጥነትና መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው። የኢንኮደሩንም (የዘንጉን እንቅስቃሴ የሚለካው ሴንሰር) ንባብ በፊልተር አለሰለስነው፣ ብዙ አታጥብቁት ግን፣ መዘግየቱን መልሶ ያመጣዋል።

ዋናው ደስ ያለኝ ይሄ ነው፦ ግፊቱን ስታሰሉ ከመቅዘፊያው ፍጥነት ላይ የታንኳዋን ፍጥነት ቀንሱ፣ ከዛ ስኩዌር አድርጉት፣ አቅጣጫው እንዳይጠፋ ምልክቱን (ፕላስ ወይም ማይነስ) ያዙ። ታንኳዋ መንሸራተት ስትጀምር ዘንጉ ቀለል ይላል፣ ጣና ላይ የቀዘፈ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።