ብርቅ የድሮ ዘፈን ለወዳጅ እንዴት ይካፈላል?

አንድ የድሮ ዘፈን ለወዳጅ ስታካፍሉ ድምፁን ብቻ ከላካችሁ ግማሹን እጃችሁ ላይ አስቀርታችኋል። ማን ዘፈነው? ዜማው የማን ነው? ግጥሙስ? ማን አቀናበረው፣ የትኛው ባንድ አጀበው፣ በስንት ዓመት ተቀረጸ? ይህ ሁሉ አብሮ ካልሄደ፣ ዘፈኑ ሦስተኛው ሰው እጅ ሲደርስ ወላጅ አልባ ሆኗል። «የድሮ ምርጥ 7» የሚል ስም ብቻ ይዞ ስልኬ ላይ የሚደርስ ዘፈን ባየሁ ቁጥር ያመኛል። በዚያ ዘፈን ውስጥ ሳክስፎን የነፋው ሰው ስም አለው።

እኔ ቴፕና ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ደንበኞቼ የተበላሸ ቴፕ ሲያመጡ ብዙ ጊዜ ካሴቱን ሳያወጡ ነው የሚያመጡት፤ የድሮ ዘፈን ፍቅሬም ያደገው እነዚያን ካሴቶች ለሙከራ እያጫወትኩ ነው። ስለዚህ ምክሬ የሚበዛው ስለ መሣሪያው ነው። መሣሪያው በትክክል ካልሠራ ግን ስለ ዘፈኑ የምናወራው ሁሉ የተሳሳተ ነገር ላይ ይቆማል።

የምናገረው በተለይ በአዲስ አበባ ስለተቀረጸው የሶል (የጥቁር አሜሪካውያን ስልት) እና የጭፈራ ሙዚቃ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ሲመሠርት ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ አለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ፤ ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ ገባ፤ በሩም ተከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእሱ፣ የአሊ አብደላ ካይፋና የፊሊፕስ ትንንሽ ሸክላዎች ከተማውን አዳረሱት። አስመራ ከነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር በሬዲዮ ይሰማ የነበረው ሶል፣ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ከሠለጠኑ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ጋር የተገናኘው በዚህ ዘመን ነው። ቅኝቱ የእኛ ሆኖ ከሥር የሚመታው ቤዝና ድራም የአሜሪካዊውን የሶል ዘፋኝ የጄምስ ብራውንን አገር የሚያስታውሰው ለዚህ ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ካሴት ቦታውን ወሰደ። በፈረንሳይ በቡዳ ሙዚክ የታተመው፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ብዙዎቹን ዘፈኖች ዳግም አውጥቷቸዋል፤ ዳግም ያልወጡት ግን አሁንም በየሰው ቤት ተቀምጠዋል።

መፈለግ ያለባችሁም እዚያው ነው። ሸክላ የሚገኘው በትልልቅ ሰዎች ቤት፣ ቡፌ ውስጥ፣ ከሠርግ አልበም ጋር ተደራርቦ ነው። ቤት ገብታችሁ ዋጋ አትጥሩ። «ጋሼ፣ ይህን የት ገዙት? የት ነበር የሚጨፍሩበት?» ብላችሁ ጀምሩ። በዚያ ወሬ መካከል ከሸክላው ሽፋን ላይ የማይገኝ ነገር ይወጣል፤ የትኛው ሆቴል፣ የትኛው ባንድ፣ ድራሙን ማን ይመታ እንደነበር። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቃላቸውን በስልካችሁ ቅረጹ፤ ያ ቃል ከዘፈኑ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው ሸክላውን መሸጥ አይፈልግም፣ ማዋስ ግን አይጠላም። ለእኛ ሥራ ደግሞ ውሰት ይበቃል።

ሸክላውን ከተቀበላችሁ በኋላ ወደ መስኮት ይዛችሁ ቅረቡና ብርሃን በጎን እንዲያርፍበት አድርጉ። ቀጭን ጭረት ቢያንጫጫ ነው፤ በጥፍር ስትዳስሱት የሚሰማችሁ ጭረት ግን መርፌውን ያዘልላል። ጭቅቅቱን በሸሚዛችሁ አትጥረጉ። የተጣራ ውኃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ በክቡ አቅጣጫ አብሱ፣ በንጹሕ ውኃ ድገሙ፣ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ ተጠንቀቁ። ስሞቹ ያሉት እዚያ ነውና ያ ወረቀት ከፕላስቲኩ አያንስም። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር የጥንት ከባድ ሸክላ ካጋጠማችሁ አልኮል ጨርሶ አታስነኩት፤ የተሠራበትን ሙጫ ያሟሟዋል።

ማጫወቻውን በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው «ድምፁ ቀጠነብኝ» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ሸክላ ሲቆረጥ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ ስታጫውቱ ይህን የሚመልሰው ፎኖ የሚባለው ማጉያ ነው። አንዳንድ ማጫወቻ ውስጡ አለው፣ ካልሆነ ለብቻው ይገዛል። ያለ እሱ የተቀዳ ዘፈን ቤዝ ጊታሩን አጥቶ ይመጣል፤ ቤዝ የሌለው ሶል ደግሞ ማንንም አያስጨፍርም። የመርፌው ክብደትም አምራቹ ባዘዘው ልክ ይሁን፤ ለአብዛኞቹ ከ1.5 እስከ 2 ግራም አካባቢ ነው። ሸክላው እንዳይጎዳ ብሎ ማቅለል ስህተት ነው፤ የቀለለ መርፌ እየዘለለ የበለጠ ይጎዳል። ስትቀዱ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅላችሁ በባትሪ አሠሩት፤ ከመብራት መስመር የሚመጣው እዝዝታ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይጠፋል።

አሁን ወደ ካሴት እንምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ካሴቱን ከማስገባታችሁ በፊት ክሩን ከሄዱ (ድምፁን ከክሩ ላይ ከሚያነበው የቴፑ ክፍል) ጋር የምታስጠጋው ትንሽ የሱፍ ቁራጭ በቦታዋ መኖሯን እዩ። ከወደቀች ድምፁ እየሄደ እየመጣ ይቀራል፤ ከማይረባ ካሴት ላይ አንስታችሁ ልትተኩ ትችላላችሁ። ዓመታት የተቀመጠ ክር ስለሚጣበቅ በእስክርቢቶ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ከዚያ በማሽን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወስዳችሁ መልሱት። ሄዱን በጥጥና በአልኮል አጽዱ። ቀጥሎ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን፣ ዘፈኑ እየተጫወተ፣ በቀጭን ካቻቪቴ በጣም በጥቂቱ እያዞራችሁ ጸናጽሉ አጥርቶ የሚሰማበት ቦታ ላይ አቁሙት። ያንን ካሴት የቀዳው ማሽን ሄዱ በትንሹ ዘንበል ያለ ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ ሄድ ያንኑ አቋም ካልያዘ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይታፈናል። ሰው «ካሴቱ አርጅቷል» ብሎ የሚጥለው አብዛኛው ካሴት አላረጀም፤ አቋሙን የሚያገኝለት ሰው አጥቶ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የፍጥነት ስህተት ነው። ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ የኖረ ዘፈን በየግልባጩ ትንሽ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ በመጨረሻ ዘፋኙ የራሱ ያልሆነ ድምፅ ይዞ ይቀራል። እንዲህ አድርጋችሁ ያዙት። የአገራችን የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ እዝዝታውም በ50 ላይ ይሰማል። ካሴቱ ውስጥ ሁለት ዘፈኖች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍታችሁ ድምፁ በየድግግሞሹ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚያሳየውን ሥዕል እዩ። ከታች ያለው ጉብታ 52 ላይ ከቆመ ክሩ 4 በመቶ እየፈጠነ ነው፤ ጉብታው 50 ላይ እስኪመለስ አዘግዩት። ጉብታው የራሳችሁ ማሽን እንዳይሆን ቴፑን አቁማችሁ እንደገና ለኩ፤ ካሴቱ ቆሞም ካለ የእናንተ ነው። ኦርጋን ያለበት ዘፈን ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ አለ። የኦርጋን ድምፅ ቋሚ ስለሆነ ከኪቦርድ ጋር ስታመሳክሩት በሁለት ቁልፎች መካከል ካረፈ ፍጥነቱ ተዛብቷል ማለት ነው። ፍጥነቱ የተስተካከለለት የብዙነሽ በቀለ ዘፈን ሲሰማ ድምፁ ወደ ደረት ይወርዳል፤ ለዚህች ቅጽበት ስል ብዙ ማታ ሠርቻለሁ፤ አሁንም እሠራለሁ።

የተቀዳውን በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ ባይሆን በ48፣ ድምፁ በማይጎድልባቸው በዋቭ ወይም በፍላክ ዓይነት ፋይሎች አስቀምጡ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ያህል ይውረድ። ይህ ዋናው ነው፤ አትንኩት። ለመላክ ሌላ ቅጂ በኤምፒስሪ አውጡ። ድምፅ ማጽጃውን አታብዙት። ሽሽታውን ጨርሶ ለማጥፋት የሞከረ ሰው የጸናጽሉንና የዘፋኙን ትንፋሽ አብሮ ያጠፋል፤ ትንሽ ቢንጫጫ ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ስሙ። የፋይሉ ስም የዘፋኙን፣ የዘፈኑን፣ የባንዱንና የአሳታሚውን ስም፣ የሸክላውን ቁጥርና ዓመቱን ይያዝ። ቁጥሩን አትዝለሉት፤ የአምሃ ሸክላዎች በኤ.ኢ.፣ የካይፋዎቹ በኬ.ኤፍ. የሚጀምር ቁጥር አላቸው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሸክላ መያዛቸውን የሚያውቁት በዚህ ነው። ዓመቱን ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ፤ አለበለዚያ በሰባትና በስምንት ዓመት የሚዛነፍ ታሪክ እየተቀባበልን እንኖራለን። የመሐሉን ወረቀት በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሡና ከድምፁ ጋር በአንድ ማኅደር አስቀምጡ። ያላረጋገጣችሁትን ቦታ ባዶ ተዉት። በግምት የተሞላ ስም አንድ ጊዜ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

የአቀናባሪውን ስም በተለይ አደራ። ግርማ በየነ በራሱ ድምፅ የቀረጸው በጣም ጥቂት ዘፈን ነው፤ በዚያ ዘመን ሰው የጨፈረባቸውን በርካታ ዘፈኖች ግን ያቀናበረው እሱ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያ ቀረ፤ ስሙም ለብዙ ዓመታት ተረሳ። አዲስ አልበም ይዞ የተመለሰው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ዘፈኖቹ በዚህ ሁሉ ዓመት በየቤቱ ይሰሙ ነበር።

ለማን እና እንዴት ትልካላችሁ? መጀመሪያ ዘፈኑ ዳግም ታትሞ ገበያ ላይ እንዳለ አጣሩ። ካለ ፋይሉን ሳይሆን የሚገዛበትን ቦታ ላኩ። ከሌለም ባለመብቱ ሞቷል ወይም ጠፍቷል ብላችሁ አትነሡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማስቀረትን ይፈቅዳል፤ ማሰራጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ቤቴ ጠርቼ ማሰማትን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው ባለቤቱን ይፈልግ። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ የኪቦርድ ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን የ1985 እ.ኤ.አ. ካሴት አገኘ። ወደደው፤ ባለቤቱን ፈልጎ ስልክ ደወለለት፤ ኃይሉ ያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተስማምተው በ2013 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ኃይሉም ዳግም መድረክ ላይ ወጣ። አንድ ስልክ ያመጣው ነው። የዘፋኞቻችን ልጆችና ባልደረቦች ከእኛ ብዙም አይርቁም፤ ጠይቃችሁ ድረሱባቸው።

የማዳመጫውን ቀን እሑድ ከሰዓት አድርጉት፤ የሚጋበዘው ሰው ሳሎኑ ከሚችለው አይብለጥ። እያንዳንዱ አንድ ሸክላ ወይም አንድ ካሴት ይዞ ይምጣ፤ ከማጫወቱ በፊት ስሞቹን ጮክ ብሎ ያንብብ። ሁለቱንም ገጽ አጫውቱ። ብርቁ ዘፈን ብዙ ጊዜ በጀርባው ነው፤ ሰው የፊቱን ብቻ ሰምቶ ስለሚያስቀምጠው። ቡናው መወቀጥ ያለበት ዘፈን ሳይጀመር ነው፤ ሙቀጫና ብዙነሽ አብረው አይሄዱም። ለዚህ ሙዚቃ አዲስ የሆነ ወጣት ወይም የውጭ እንግዳ ካለ በትዝታ አትጀምሩ። መጀመሪያ አንድ የጄምስ ብራውን ሸክላ፣ ወዲያው ተከትሎ አንድ የአለማየሁ እሸቴ ፈጣን ዘፈን አሰሙት፤ ምንም ሳትነግሩት እግሩ ዝምድናውን ያገኘዋል። ትዝታው ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ይምጣ።

ሰው መጨፈር ሲጀምር ሸክላውን አንሡና ከቀዳችሁት ቅጂ አጫውቱ። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ መርፌው ይዘላል፤ የሰው ሸክላ ላይ ጭረት ያስቀራል። ሸክላ እያጫወታችሁ እንዲጨፈር ከፈለጋችሁ ማጫወቻውን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ላይ አድርጉት።

የተዋሳችሁትን በሳምንቱ መልሱ። በአዲስ የወረቀት ከረጢት አድርጉት፤ ድምፁን፣ የወረቀቱን ፎቶና የጻፋችሁትን ስም ሁሉ በፍላሽ ቀድታችሁ አብራችሁ ስጡ፤ ቤት ውስጥ ማጫወቻ ከሌለም እዚያው በስልክ ከፍታችሁ አሰሟቸው። ያን ጊዜ «ይሄኛውማ ድራም የመታው…» ብለው የሚጀምሩ ከሆነ እስክርቢቶ አውጡ።