ሕመምን «ቻል አድርገው» ስንል የምንሳሳተው

ወገቡን ለወራት ያመመው ሰው «ቻል አድርገው» ሳይባል አይቀርም። ምክሩ ከፍቅር ነው፤ እኔም ለእናቴ ደጋግሜ ብያታለሁ። የምንሳሳተው አቻቻሉ ላይ ነው።

የመጀመሪያውና የከፋው ስህተት ትንፋሽ አፍኖ መቻልን ራስን መግዛት ብሎ መቁጠር ነው። እናቴ ከበርጩማ ስትነሣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ቀጥ ብላ እስክትቆም ድረስ ትንፋሿ አይሰማም። ለሚያያት ጽናት ነው። ሰውነቷ ግን አደጋ እንደመጣበት ሁሉ ተወጥሯል፤ ውጥረት ደግሞ ሕመምን ያባብሳል። ራስን መግዛት የሚያስፈልገው ትንፋሹን ላለማፈን ነው። ስለዚህ አሁን «እማዬ፣ እያወጣሽ ተነሺ» እላታለሁ።

ሁለተኛው ስህተት ጤነኛ ልብ እንደ ሰዓት እኩል እኩል ይመታል ብሎ ማመን ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ልብ አንዱን ምት በ0.9፣ ሌላውን በ1.1 ሰከንድ ልዩነት ሊመታ ይችላል። ሌባ ጣትንና የመሃል ጣትን በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ አሳርፋችሁ በዝግታ ተንፍሱ፤ አየር ስታስገቡ ምቱ ፈጠን፣ ስታወጡ ዘግየት ሲል ልትሰሙት ትችላላችሁ። ልጓሙን የያዘው ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ስሜትን የሚገራው የአንጎል የፊት ክፍልም በዚህ ነርቭ በኩል በልብ ምት ላይ እጁ አለበት፤ ወደ ኅብለ ሰረሰር ወርደው ሕመምን የሚያለዝቡ መልእክቶችን በማስነሣትም ይሳተፋል። ለዚህ ነው በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መተንፈስ ብዙ ሰዎችን የሚያረጋጋው። አየር በኃይል መሳብ ግን ያዞራል።

ሦስተኛው፣ አንዳንድ ዘመናዊ የእጅ ሰዓት የሚያሳየውን የልብ ምት ልዩነት ቁጥር፣ ማለትም በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚለካውን፣ ከጎረቤት ጋር ማወዳደር ነው። ሕመም የቆየባቸው ሰዎች ልዩነታቸው በአማካይ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ዕድሜ፣ እንቅልፍና መድኃኒትም ይቀይሩታል። የሕመሙን መነሻ ከዚያ ቁጥር አታነቡም።

ሕመሙ ያልተሻለውን ሰው ደካማ ማለት ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሄንሪ ቢቸር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፣ ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች ብዙዎቹ የሕመም ማስታገሻ እንዳልፈለጉ አስተውሎ በ1946 ጽፏል። በእሱ አስተያየት ለእነዚያ ሰዎች ቁስሉ ከጦር ሜዳ መውጫ ነበር። ለገበሬ ወይም ለቀን ሠራተኛ ግን የወገብ ሕመም የልጆቹን እንጀራ የሚነካ ሥጋት ነው። ሁለቱን በአንድ የጀግንነት ሚዛን መመዘን ግፍ ነው።

በመጨረሻም፣ ሐኪም የሚያሻውን በትንፋሽ ለማሳለፍ አትሞክሩ። ደረትን ተጭኖ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያመጣ ሕመም ከሆነ፣ ወይም ከወገብ ሕመም ጋር እግር ከደነዘዘና ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።